«በሞቴ» የማይባልበት ቢሮ

ፒያሳ፣ ገና ሳይነጋ

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከግቢያችን ስወጣ ጋሽ ወልዴ ቀድመውኝ በር ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፤ ከጋቢው ሥር ግን ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት ጭምር። ተጓዡ እኔ፣ ለጉዞ የለበሱት እሳቸው።

ጋሽ ወልዴ አለቃዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በትራንዚት ሥራ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ፣ ከዚያም ባለቤቱ መጋዘን እስኪራገፍ ድረስ ወረቀቱን ይዞ መሮጥ ማለት ነው። እኔም ከኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ ከኋላ ከኋላቸው ስሮጥ ኖሬአለሁ።

«ነስሩ፣ ቁርስ ቀመስክ?» አሉኝ።

«በልቻለሁ ጋሼ።»

አልበላሁም። አለመብላቴንም ያውቃሉ። ከጋቢያቸው ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ትኩስ ቦምቦሊኖ አወጡ።

«እንካ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እንካ እንጂ!»

«መንገድ ላይ አላጣም፣ አይቸገሩ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

እጄን የዘረጋሁት ያኔ ነው። ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው እሺ። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ግን እኛ ሰፈር ሳያውቀው ያደገ ሰው የለም። በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚሰድ ሆዳም ነው፣ በሦስተኛውም እምቢ የሚል ጥጋበኛ ነው፣ መሃል ላይ የቆመው የጨዋ ልጅ ነው።

ጋሽ ወልዴ ሻንጣዬን ላዳው ላይ ሲጭኑ ሊያዩኝ አልፈለጉም። «እንግዲህ አደራ» አሉ ኮፈኑን እያዩ። «እንዲያዩንና እንዲያምኑን ነው የምትሄደው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምቡርግ የሚገኝ አንድ ትልቅ የጭነት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ወኪል ይፈልጋል። ከመምረጡ በፊት ከእኛ ቢሮ አንድ ሰው ለሦስት ወር ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ እንዲሠራ ጠየቀ። አሠራራቸውን እንድናይ፣ እነሱም እኛን እንዲያዩን። ውክልናውን ካገኘን ቢሯችን ይኖራል። ካላገኘን ጋሽ ወልዴ በሩን ይዘጋሉ፤ ይህን ለአራታችንም ሠራተኞች በግልጽ ነግረውናል።

ላዳው ከምኒልክ አደባባይ ዞሮ ቁልቁል ወረደ። የጊዮርጊስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ከወዲያ በኩል አዛኑ ገና ማለቁ ነው። የመንገዱ መብራት እንደ ቀን ያበራል። ድሮ ቢሯችን የነበረው ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እኛም ተነስተን አምስት ኪሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባን። ድሮ ደረጃውን ሲወጣ ያለከልክ የነበረው ደንበኛ ሁሉ አምስት ኪሎ ራቀው። አሁን ፎቁ በነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሳርና የብስክሌት መስመር አለ። ያምራል፤ አልክድም። ግን ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ሦስተኛውን መስኮት ይፈልጋል።

«ጀለሴ፣ ለስንት ጊዜ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ለሦስት ወር። ለሥራ።»

«ሦስት ወር!» ሳቀ። «እንደዚህ ብለው የሄዱ ጀለሶች አሉኝ፣ ሦስት ወራቸው እስካሁን አላለቀም።»

«እኔ እመለሳለሁ።»

«እነሱም እንደሱ ነው ያሉት።»

ተናደድኩ። እስከ ቦሌ አላናገርኩትም። ስወርድ ግን ሻንጣዬን ራሱ አውርዶ «ስትመለስ እኔን ነው የምትጠራው፣ ካልጠራኸኝ ፋራ ነህ» ብሎ ቁጥሩን ሰጠኝ። እልህ ሲይዘኝ ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩን መዘገብኩ።

ዱባይ፣ ቀትር ላይ

ዱባይ አውሮፕላን መለወጫ ናት። ሰው ሁሉ እንደ ሻንጣ በተንቀሳቃሽ ወለል ላይ ይሄዳል። የዕድሜዬ ሥራ ዕቃ ማስተላለፍ ነበር፤ ዛሬ እኔ ራሴ ዕቃ ሆኜ ከመስመር ወደ መስመር ተላለፍኩ። አንድ ማኪያቶ ልጠጣ ባንኮኒው ጋ ሄድኩና ዋጋውን ወደ ብር መንዝሬ ተመለስኩ። ውሃ ከቧንቧው ነጻ ነበር።

ያገሬ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዲት ልጅ፣ ቤሩት የምትሄድ፣ አጠገቤ ተቀምጣ በሩ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስከ በሩ አደረስኳት። «አንተስ የት ልትሄድ ነው?» ስትለኝ «ቢሮ» አልኳት። ለቢሮ ሥራ የሚሄድ ያገሯ ልጅ በማየቷ ደስ አላት።

ሃምቡርግ፣ አመሻሽ

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ጨልሟል። ዝናቡ የእኛ ዓይነት አይደለም፣ አይመታም፣ አይቆምም፤ ዝም ብሎ አየሩ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ባቡር፣ ቀይ ጡብ ቤቶች፣ ቦዮች፣ ድልድይ፣ እንደገና ድልድይ። ወደቡ ላይ ክሬኖቹ መብራት አብርተው ቆመዋል። ወረቀቶቼ ላይ የመነሻ ወደብ ተብሎ ሲጻፍ የኖረውን ስም ጣቢያው ላይ በትልቁ ሳነበው ሰውነቴ ደነገጠ። ለካ እውነት አገር ነው።

ድርጅቱ የተከራየልኝ ክፍል ሄልጋ ከምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት ቤት ነው። በሩን ስትከፍትልኝ ቤቱ ሞቃት ነበር፣ የሾርባ ሽታ አውዶታል።

«የምስር ሾርባ አለ፣ ሥጋ የለበትም» አለችኝ በቀስታ እንግሊዝኛ። «ትበላለህ?»

ሆዴ ጮኸ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም።»

«እሺ» አለች። ድስቱን ከድና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ደህና እደር ብላ መኝታ ቤቷ ገባች።

እኔ ፈገግ እንዳልኩ ወጥ ቤቱ መሃል ቆሜያለሁ፣ ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቅሁ። ጥሪ የለም። የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ያጉረመርማል። የጋሽ ወልዴ ቦምቦሊኖ ደርቆም ቢሆን ባይተርፈኝ ኖሮ እየተግደረደርኩ ጦሜን ባደርኩ ነበር።

ቢሮው፣ የመጀመሪያው ሰኞ

ሕንፃው መስታወት ነው፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት። እኔ የተመደብኩበት ፎቅ ላይ ብቻ ያለው ሰው የእኛን ሰፈር ዕድር ይሞላል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሰላምታ ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል የሚቀመጥ ማን ነው? ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀምሬ እየዞርኩ አንድ በአንድ ጨበጥኩ፣ ስሜን ነገርኩ፣ ቤተሰብ ደህና እንደሆነ ጠየቅኩ። ሰዎቹ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው እያወለቁ፣ አንዳንዶቹ ስልክ ይዘው በግማሽ እየተነሱ ጨበጡኝ። ግማሹን ፎቅ ሳልጨርስ ረፋዱ አለፈ። ማክሰኞ ልደግመው ስነሳ አንድ ቀይ ጢም ያለው ወጣት እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «እዚህ ከበሩ ላይ ‹ሞይን› ትላለህ፣ ለሁሉም ይበቃል» አለኝ። ሞይን ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ያገለግላል። አንዲት ቃል ለመቶ ሰው! እኛ ጋ ለአንድ ሰው ብቻ አስር ቃል አይበቃም።

ወጣቱ ያን ይባላል። የአፍሪካ መስመር ጭነት ላይ ነው የሚሠራው፣ ጠረጴዛችን አንድ አካባቢ ነው። «አንድ አካባቢ» ስል ግን በዚያን ቀን ማለቴ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ባለቤት የለውም። ጠዋት የቀደመ የፈለገበት ይቀመጣል፣ ማታ ጠራርጎ ይሄዳል። የጋሽ ወልዴ ወንበር ላይ እሳቸው በሌሉበት እንኳ የሚቀመጥ የለም፤ ድመት ብትተኛበት እንኳ ይቅርታ ጠይቀን ነው የምናስነሳት።

የክፍሉ ኃላፊ ኡልሪከ ናት። ዕድሜዋ ከእናቴ አይተናነስም። አንቱ ልላት ፈለግኩ፣ እንግሊዝኛው አልፈቀደልኝም፤ እትዬ የሚል ቃልም የለው። «ኡልሪከ በለኝ፣ በቃ» አለች፤ እኔንም ነስረዲንን አሳጥራ ናስር አለችኝ። ስለዚህ እዚህም እንደፈቀደችው «እሷ» እያልኩ እጽፋለሁ፣ ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት

ከሄልጋ ሰፈር ዳቦ ቤት የገዛሁትን ዳቦ በእንቁላል ጠቅልዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ያን ሲያልፍ፣ እኛ እንደምንለው፣ «እንብላ» አልኩት።

የዚህ መልስ «ብላ፣ ይስማማህ» ነው። ያን ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዳቦዬን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ወሰደ።

«አመሰግናለሁ!» አለኝ አፉን ሞልቶ። «ዛሬ ምሳ ረስቼ ነበር።»

በቀረችኝ ላይ እያላመጥኩ አየሁት። ሌባ አይደለም፣ ስግብግብም አይደለም። ብላ አልኩት፣ በላ። ሄልጋም አልራበኝም አልኳት፣ አመነችኝ። እነዚህ ሰዎች የነገሯቸውን ያምናሉ። ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ዳቦዬ ነበር የማስበው።

ሦስተኛው ሳምንት

ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ተቀመጥን። ኡልሪከ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ትልቅ የፋብሪካ ማሽን ጭነት አለ፤ በብዙ ኮንቴይነር፣ በጅቡቲ፣ እስከ ሞጆ።

«ናስር፣ ይህን ጭነት አንተ ብትመራው?» አለችኝ። «ውክልናውን የሚወስኑት ሰዎች የሚያዩት ይህን ሥራ ነው።»

ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ይህን ፈልጌ ነው የመጣሁት! አሥር ዓመት የሮጥኩበት መንገድ ነው፤ ዓይኔን ብታስሩኝ እንኳ እሄድበታለሁ። አፌ ግን ከልቤ አልተማከረም።

«ኧረ አይሆንም» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። «እኔ ለመማር ነው የመጣሁት። ከእኔ የሚሻሉ አሉ።»

ኡልሪከ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። ያን፣ አንተ ውሰደው።»

ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ውሃ ልቅዳ ብዬ በኡልሪከ ጠረጴዛ በኩል እዞራለሁ። ታየኛለች፣ ሞይን ትለኛለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሁን ትጠራኛለች፣ አሁን «ናስር፣ እባክህ» ትላለች እያልኩ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣሁ አላህ ያውቃል። ዓርብ ከሰዓት ያን ራሱ የማሽኑን ፋይል ይዞ ወደ እኔ መጣና «ሞጆ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ገባኝ። ሁለተኛ ጥሪ የለም። ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቷል።

ማታ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፈነዱ።

«አንተ! ፈረንጅ አገር ሄደህ ትግደረደራለህ?»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ነው እኮ የጠየቀችኝ—»

«አንዴስ ጠይቃህ የለም እንዴ! አፍ የለህም? እፈልጋለሁ አይባልም? የአራት ሰው እንጀራ ተሸክመህ ሄደህ አንገቴን ሰበር አደረግኩ ትለኛለህ!» ሳል አቋረጣቸው። ድምፃቸው ሲመለስ ለስልሶ ነበር። «ሂድና ለምናት። ነውር የለውም። ነውሩ ባዶ እጅህን መምጣትህ ነው።»

ሌሊቱን አልተኛሁም፣ አፈርኩ። ግን እልህ ያዘኝ። ነስረዲን የፒያሳ ልጅ ነው፤ በአንድ «እሺ» አይረታም።

ጀልባው ላይ፣ ሰኞ ጠዋት

ወንዙን በጀልባ መሻገር የቢሮዬ መንገድ አይደለም፣ ግን ዛሬ ማውራት ነበረብኝ፤ ጀልባው ላይ ደግሞ ነፋሱ ስለሚጮህ የሚሰማ የለም። ከኋላ ቆሜ በእንግሊዝኛ ተለማመድኩ። «እፈልገዋለሁ።» ቀላል ናት። ከእኛ ሰው አፍ ግን እንደ አጥንት ነው የምትወጣው፣ ጉሮሮ ትቧጥጣለች። ሰው ፊት ቆሞ ይህ ለእኔ ይገባኛል ማለት ዓይን አውጣነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። አንዲት አሮጊት ውሻ ይዛ አየችኝ፣ ውሻውም አየኝ። ቀጠልኩ። እፈልገዋለሁ። እፈልገዋለሁ።

ኡልሪከ ጋ በቀጥታ ገባሁ፣ ሳልቀመጥ።

«ባለፈው ረቡዕ አይሆንም ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጭነቱን እፈልገዋለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በደንብ እሠራዋለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ለምን አይሆንም አልክ?»

«አገሬ ላይ ጨዋ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል።»

አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና፣ «ጭነቱን ለያን ሰጥቻለሁ፤ አልነጥቀውም» አለች። ልቤ ወረደ። «ግን ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ያለውን ክፍል እስካሁን የያዘው የለም። ያን ከተስማማ አንተ ልትይዘው ትችላ—»

«እሺ!» አልኩ። ዓረፍተ ነገሯን አላስጨረስኳትም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ እሺ ብዬ አላውቅም፤ ጆሮዬ ጋለ።

ያንም ተስማማ፣ ያውም በደስታ። «ዳቦ አለህ?» ብቻ ነበር የጠየቀኝ።

ክረምቱ

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ሥራ ነው፣ ስለ ሥራ ደግሞ ብዙ የሚወራ የለም። ጨለማ ውስጥ እወጣለሁ፣ ጨለማ ውስጥ እመለሳለሁ። ካፖርት ገዛሁ። ቀረፋ ያለበት ጠፍጣፋ ዳቦ ለመድኩ። ሄልጋ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ርቦኛል» ማለት ተማርኩ፤ ድስቱን እስከ ታች ስጠርገው ደስታዋን ብታዩ! ጅቡቲ መርከቡ ወረፋ ላይ ሲቆም እኔ ከሃምቡርግ፣ ጋሽ ወልዴ ከአምስት ኪሎ ስልክ እየተቀባበልን ስንጮህ ዋልን። ያን አጠገቤ ተቀምጦ በአማርኛ እንዴት እንደሚቆጡ ይማራል፤ «ኧረ በናትህ!» ይላል አሁን፣ አታሚው ወረቀት ሲያኝክበት። ኮንቴይነሮቹ ሞጆ ሲገቡ ሁለታችን ቢሮው መሃል ተቃቀፍን። ማዳመጫቸውን ያወለቁ ነበሩ።

የመጨረሻው ሳምንት

ስብሰባ። ውክልናው የሚወሰንበት ቀን። ኡልሪከ ፊቷ አዝኗል።

«ሥራችሁን ወደነዋል» አለች። «ትናንት አቶ ወልዴን ደውዬ አነጋገርኳቸው፣ በጣም የተከበሩ ሰው ናቸው። ውክልናውን ትወስዳላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ‹ቢሯችን ትንሽ ነው፣ ከእኛ የሚሻሉ ትልልቆች አሉ፣ ለእነሱ ይሁን› አሉኝ። ያሳዝናል፣ ግን ውሳኔያቸውን አከብራለሁ። ዛሬ ለሁለተኛው ድርጅት እንጽፋለን።»

ጋሽ ወልዴ! «አፍ የለህም?» ብለው ጆሮዬን ያደነቆሩኝ ጋሽ ወልዴ! ራሳቸው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው…

«እንዳትጽፉ!» አልኩ። ጮኼ ነበር፤ ሁሉም ዞረ። እዚያ አገር በስብሰባ መሃል አይጮህም።

«እሳቸው እኮ አልፈልግም አላሉም» አልኩ። «መጀመሪያ እምቢ ማለት ደንባችን ነው። በሁለተኛውም እምቢ ይላሉ። በሦስተኛው እሺ ይላሉ። አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሻቸው።»

«ናስር» አለች ኡልሪከ፣ «ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው። ማስጨነቅ አይገባም።»

«እኔስ ያኔ አይሆንም አላልኩሽም? አይሆንም ማለቴ ነበር?»

ያን ከወዲያ ማዶ መሳቅ ጀመረ። «ዳቦው!» አለ። «ለዚህ ነው እንደዚያ ያየኸኝ? በመጀመሪያው ስለወሰድኩ!»

«አሁን ደውሉ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው። በሦስተኛው እምቢ ካሉ ለሌላው ድርጅት ደብዳቤውን እኔው እጽፋለሁ።»

ኡልሪከ ስልኩን ከግድግዳው ስክሪን ጋር አገናኘች።

እኔ ከካሜራው ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ካዩኝ ያፍራሉ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ በመቶኛውም እሺ አይልም። ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ። አምስት ኪሎ፣ ጠባቧ ክፍል፣ ከኋላቸው የፋይል መደርደሪያና የዓመቱ መቁጠሪያ። ከረባት አድርገዋል።

«አቶ ወልዴ» አለች ኡልሪከ። «በትናንቱ ነገር አሰብንበት። ውክልናውን እንድትወስዱልን አሁንም እንፈልጋለን።»

«ኧረ፣ እንዴት ተደርጎ!» አሉ በድሮው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኛ ጥቂት ሰዎች ነን። አይሆንም፣ አይሆንም።»

ኡልሪከ በዓይኗ ጥግ አየችኝ። ሁለት ጣቴን አሳየኋት፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጨመርኩ። የእኔ ትንቢት ነው፤ ከከሸፈ የአራት ሰው በር የሚዘጋው በእኔ አፍ ነው። ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል አንዲት ቃል ጽፌ ከፍ አደረግኩላት።

ኡልሪከ ወረቀቱን አየች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ ቃሏን ሰባብራ፣ ግን ከልቧ አለችው።

«አቶ ወልዴ፣ በ-ሞ-ቴ።»

ጋሽ ወልዴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከረባታቸውን ነኩ። ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ዓይናቸው ውስጥ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ ከዚህ ርቀት እንኳ አየሁት።

«እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህን ያህል ካላችሁ… እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ። እሺ።»

«ይህ እሺ ነው?» ብላ ኡልሪከ ወደ እኔ አንሾካሾከች።

ራሴን ነቀነቅኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ፒያሳ፣ ጠዋት

የላዳውን ሾፌር ጠራሁት። ሲያየኝ «አልቀረህም? አንተማ አራዳ ነህ!» ብሎ ክላክሱን አስጮኸው። በአራት ኪሎ ሽቅብ ወጥተን ፀሐይዋ ስትወጣ ምኒልክ አደባባይ ደረስን። የብስክሌት መስመሩ ላይ አንድ ሰውዬ በእግሩ እየሄደ ነበር፤ ሃምቡርግ ቢሆን በብስክሌት ደወል ጆሮው ይበጠስ ነበር አልኩ በልቤ።

ጋሽ ወልዴ ፉል ቤት እየጠበቁኝ ነበር። ሳህኑ መሃል ላይ ነው፣ ዳቦው ትኩስ፣ ቃሪያው ተሰንጥቋል። ተቃቅፈን፣ ትከሻ ተገጫጭተን፣ ስለ ሁሉም ዘመድ ተጠያይቀን ተቀመጥን።

«ነስሩ፣ ጉድ ልንገርህ!» አሉ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ። «ሴትዮዋ እኮ ለመነችኝ። ‹በሞቴ› አለችኝ እኮ! በአማርኛ! ከየት አውቃው ይሆን?»

«እንጃ ጋሼ» አልኩ፣ ዳቦዬን እየቆረስኩ። «ትልቅ ቢሮ ነው፣ ብዙ ነገር ያውቃሉ።»

እስኪስቁ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያ ግን ለምን እምቢ አሉ? እምቢ ሲሏቸው ለሌላ ሰጥተውት ቢሆንስ?»

ሳቃቸው ቀዘቀዘ። በመስታወቱ ወደ ሰፊው መንገድ አዩ።

«ከፎቃችን ስንነሳ» አሉ፣ «ዕድሜ ልኬን ያገለገልኳቸው ደንበኞች ነበሩ። አንዱ እንኳ ‹ወልዴ፣ ወዴት ሄድክ?› ብሎ ሁለተኛ አልደወለም። አንዴ አድራሻ ጠየቁ፣ በቃ። እኔ እንግዲህ አሮጌ ሰው ነኝ። አንዴ የጠየቀኝ ሰው ይፈልገኝ አይፈልገኝ በምን አውቃለሁ? የሚፈልግህ ሰው ይለምንሃል።»

ቃሪያውን ወደ እሳቸው ገፋሁት።

ጥቂት በላን። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከረባታቸውንም አስተካከሉ።

«ውክልናውን አንተ ምራው» አሉኝ።

አውሮፕላን ላይ ሳስበው የመጣሁት ነገር ነበር። ከእንግዲህ ለማንም አልግደረደርም፤ የተሰጠኝን በመጀመሪያው እወስዳለሁ፣ እፈልጋለሁ እላለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፣ እንደ ድሮው ጉሮሮ አይቧጥጥም። አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ግን ፊታቸውን አየሁት። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል፤ ሊለምኑኝ ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ማን ነኝ?» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

ፊታቸው በራ። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ምራው እንጂ ነስሩ!»

አንድ እምቢ ይቀረኛል። ፉሉን በዳቦ ጠቅሼ፣ ጊዜ ወስጄ አላመጥኩ።